ወይንን በጆሮው የሚያውቀው ሾፌር

ሬሚጆ ሶብሬሮን ሞቶ ያገኘችው እህቱ ዴልፊና ናት። ሐሙስ ዕለት ዓይኗን ልትታከም አልባ ወደምትባለው ከተማ ወርዳ የአክስቷ ልጅ ቤት አደረች። አርብ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስትመለስ የምድር ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ወንድሟ በሰባ አንድ ዓመት ዕድሜው ያንን በር ሳይዘጋ ያደረበት ቀን የለም። አስራ አራቱን ደረጃ ወርዳ መብራቱን ስታበራ ሬሚጆ ከትንሿ በርሜል ሥር በጎኑ ተጋድሟል። አጠገቡ አጭር መሰላል ወድቋል፤ አንድ ትልቅ የመስታወት ደምጃን ተሰባብሯል፤ የድንጋዩ ወለል በቀይ ወይን ርሷል። ዴልፊና አልጮኸችም። መጀመሪያ ጫማዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀች በኋላ ስትጠየቅ «የብሪኮ ወይን እኮ ነው የፈሰሰው፤ በጫማ ልርገጠው?» አለች።

ኢንስፔክተር ኦርኔላ ክራቬሮ ይህን መልስ ስትጽፍ ብዕሯ ቆም አለ። እሷም የዚያው የጣልያን ላንጌ ኮረብታ ልጅ ናት፤ አባቷ ባቡር ጣቢያ ላይ ቲኬት ቆራጭ ነበር። ሠላሳ ዓመት በፖሊስነት ስታገለግል ስለ ወይን ያልሰማችው ነገር የለም፤ ከመስማቷም ብዛት ወሬው ሲነሳ ማዛጋት ይቀናታል። በወንድሙ ሬሳ ፊት ቆሞ ለወይን ጫማ የሚያወልቅ ሰው ግን ገጥሟት አያውቅም።

ሐኪሙ አጭር ሰው ነው፤ ንግግሩም እንደ ቁመቱ ነው። «ሐሙስ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው የወደቀው። አንገትጌውን ይዞ የነቀነቀው ሰው አለ፤ ሁለት ቁልፍ ተበጥሷል። ሲወድቅ ጭንቅላቱ የበርሜሉን መቀመጫ ድንጋይ አገኘው። ወዲያው አልሞተም። አርባ ደቂቃ ያህል ነፍሱ ነበረች፤ ሰው ቢደርስለት ምናልባት…» ቀሪውን አልጨረሰውም፤ ወረቀቱን ሰጣት። ኦርኔላ አጥፋ ኮት ኪሷ ውስጥ ከተተችው።

በሟቹ ጃኬት ውስጥ ሌላ ወረቀት ተገኘ። ሬሚጆ ያንኑ ሐሙስ ጠዋት፣ ብሪኮ የሚባለውን የኮረብታውን አናት ለአንድ የሆቴል ኩባንያ ለመሸጥ ፈርሟል። ዴልፊና መነጽሯን ጠርጋ ሁለቴ አነበበችው።

«የመዋኛ ገንዳ?» አለች። «አባቴ የተከለው ወይን ላይ?» ወረቀቱን አጥፋ ለኦርኔላ መለሰችላት።

ጎረቤቱ ታርቺዚዮ ቪቤርቲ ሳይጠሩት መጥቶ ምስክርነቱን ሰጠ። ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ከሬሚጆ ጋር አብሮ አደግ ነው፤ የሁለቱን ግቢ የሚለየው አንድ የበለስ ዛፍ ብቻ ነው። ባርኔጣውን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «ማንንም አልከስም፤ ያየሁትን ነው የምናገረው» አለ። «አስራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ የዞራን መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ ነበር። ብቻውን ነው የመጣው። ሲወጣም እየተጣደፈ ነው።»

ዞራን ትራይኮቭ ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ወይን ሊለቅም ከመቄዶንያ መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነው። አሁን ሰማያዊ ክፍት ፊያት አለችው፤ እንግዶችን ከመንደር መንደር፣ ከምድር ቤት ምድር ቤት ያዞርባታል። ሐሙስ ዕለት የመጨረሻ ማረፊያው የሬሚጆ ቤት ነበር። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሁለቱ በመኪና ማቆሚያ ነገር ሲጨቃጨቁ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።

«እንግዶቹን አስር ሰዓት ተኩል ላይ ይዤ ወጣሁ» አለ ዞራን ጣቢያ ቀርቦ። «ሆቴል ሳደርሳቸው አንዷ ሴትዮ ባርኔጣዋን ረስታለች። ተመለስኩ። ባርኔጣው ውጭ አግዳሚው ድንጋይ ላይ ነበር፤ አንስቼ ሄድኩ።»

«ገብተህ ሰላም አላልከውም?»

«በርሜል እየሞላ ነበራ! ድምፁን ሰምቻለሁ። መጀመሪያ ወፍራም ነበር፤ ሊሞላ ሲል እየቀጠነ መጣ። በርሜል የሚሞላ ሰው አይረበሽም። እዚህ አገር መጀመሪያ የተማርኩት እሱን ነው።»

ዐቃቤ ሕግ ሳልቫይ ይህን በስልክ ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ። «ደምጃኑ ተሰባብሮ ወለል ላይ ነው! በምን ነው የሚሞላው፣ በአየር? ደግሞስ በዚያ ሰዓት ሟቹ ወድቋል። ሰውዬው ውሸት እንኳ አያውቅበትም። ነገ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የማሰሪያውን ትእዛዝ እፈርማለሁ።»

«እሱ ካልሆነስ?»

«እስከዚያ ሌላ ሰው አምጪልኛ!»

መንደሩ እስከ ነገም አልጠበቀም። አርብ ከሰዓት በኋላ ዞራን ሦስት ጉብኝት ተሰረዘበት። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ሃያ ዓመት ሙሉ ዳቦውን እጁ ላይ ስትሰጠው ኖራ፣ ያን ቀን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለት ዞር አለች።

ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ኦርኔላ የዞራንን በር አንኳኳች።

«መኪናህን አውጣ። ሐሙስ እንግዶቹን እንዳዞርካቸው አዙረኝ። መንገዱንም፣ ማረፊያውንም፣ ወሬውንም እንዳትቀንስ።»

«ኢንስፔክተር፣ በቁስሌ ላይ እየቀለዱ ነው?»

«ሰዓቱን ልለካ ነው። ደግሞ እዚሁ ተወልጄ አርጅቼ ማንም አዙሮኝ አያውቅም።»

ዞራን ፂሙን ተላጭቶ፣ ከረባቱን አስሮ ወጣ። የኋላውን በር ከፈተላት። ከፊት እቀመጣለሁ ብትለው «እንግዳ ከኋላ ነው» ብሎ ድርቅ አለ።

ሸንተረሩ ላይ ሲወጡ ጉሙ ከታች ቀረ። ሸለቆው በሙሉ ነጭ ባሕር ሆኗል። ከባሕሩ በላይ የሚታዩት መንደሮቹ ብቻ ናቸው፤ እያንዳንዱ ግንቡንና የደወል ማማውን ተሸክሞ በየኮረብታው አናት ተቀምጧል። ለቀማው ካለቀ ሳምንቱ ነው። የወይኑ ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ ቀይ ሆኖ፣ በመስመር በመስመር እየወረደ ጉሙ ውስጥ ይገባል። ኦርኔላ ይህን መንገድ ሺህ ጊዜ ነድታበታለች፤ ግን ሁልጊዜ መሪ ጨብጣ፣ ወይ ሌባ ወይ ሬሳ ወዳለበት ስትቸኩል ነው። ከኋላ ወንበር እጇን አጣጥፋ ስታየው ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ከፍ አለ። ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ? አለች በልቧ።

«ዝም አሉ» አለ ዞራን በመስታወቱ እያያት።

«ሰዓት እያየሁ ነው።»

«ሁሉም እንደሱ ይላሉ።»

ከሁለት ኩርባ በኋላ ኦርኔላ ጠየቀችው። «የምታወራለትን ወይን ግን ትጠጣዋለህ?»

«ጠብታ ቀምሼ አላውቅም። አባቴን የቀበረው መጠጥ ነው። ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሰምቼዋለሁ፤ ሲፈላ፣ ሲቀዳ፣ ሲሞላ። ሬሚጆ ምን ብሎ ይጠራኝ ነበር መሰለዎት? ‹ወይንን በጆሮው የሚያውቅ ብቸኛው ጅል!›» ሊስቅ ጀምሮ ተወው። «ኢንስፔክተር፣ እሺ ነገ ነፃ ነህ ቢሉኝስ? ገዳይ የተባለ ሾፌር መኪና ላይ ማን ይወጣል? ልጄ ቶሪኖ ነርስነት ትማራለች። ትናንት ደወለች። ‹አባዬ፣ እውነት ነው?› አለችኝ። ያስቡት፤ እውነት ነው ወይ ብላ የጠየቀችኝ የገዛ ልጄ ናት።»

ኦርኔላ ማስታወሻዋን ጭኗ ላይ ዘጋችው።

የመጀመሪያው ማረፊያ ካስቴልሮሶ ነው። አደባባዩ ላይ ባለው ወይን ቤት በራፍ፣ የሆቴሉ ኩባንያ ሰው ጓልቲዬሮ ቋሊማና አይብ ፊቱ ደርድሮ ተቀምጧል። ልብሱ ውድ ነው፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ ነው።

«ሐሙስ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?» አለችው ኦርኔላ።

«ቦይ ውስጥ።»

«ምን?»

«ቦይ ውስጥ ነዋ! መኪናዬ ተንሸራታ ገባች። ይኸው ቄሱን ይጠይቋቸው።»

ዶን ኦሬስቴ፣ የደብሩ ቄስ፣ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ብርጭቆአቸውን ከፍ አደረጉ። «እውነቱን ነው። የአስራ አንድ ሰዓቱ ደወል ሲደወል በትራክተሬ እየጎተትኩት ነበር። ኮረብታችንን ሊገዛ የመጣ ሰው አንዲት ሜትር ቦይ አሸነፈችው!»

«እርስዎ ትራክተር ላይ ከነበሩ ደወሉን ማን ደወለው አባ?»

«በኤሌክትሪክ ነው ልጄ። ጸሎቱን ብቻ ነው ገና በእጅ የምንሠራው።»

ጓልቲዬሮ ግን አልሳቀም። «አዛውንቱ ደግ ሰው ነበሩ» አለ። «ለፊርማው ደስታ ከትንሿ በርሜል ሃያ ሊትር እቀዳላችኋለሁ ብለውኝ ነበር። አርብ መጥቼ ልወስድ ነበር።»

ስለዚህ የተሰበረው ደምጃን ምን እንደነበር ታወቀ፤ አንድ ተጠርጣሪም ቀነሰ። የቀረው ሾፌሩ ነው። ኦርኔላ ሰዓቷን አየች፤ ስምንት ሰዓት አልፏል።

ከካስቴልሮሶ ወርደው እንደገና ሲወጡ መንገዱ በሳን ሮኮ ጸሎት ቤት ሥር ይታጠፋል። እዚያ ኩርባ ላይ ዞራን መኪናውን ወደ ዳር አወጣና ሞተሩን አጠፋ። ባርኔጣውን አወለቀ። ምንም አልተናገረም።

ኦርኔላም ቀና ብላ አየች። ጉሙ መሳሳት ጀምሯል። በፊት ለፊት የብሪኮ ኮረብታ ከግማሽ በላይ ወጥቷል፤ አናቱ ላይ ፀሐይ አርፋበታለች። ከአንዱ መንደር ደወል ተነሳ፤ ሳይጨርስ ሁለተኛው ተቀበለው፤ ከዚያ ከጉሙ ሥር የማይታይ ሦስተኛ። የሰው እጅ በአንድ ክንድ በአንድ ክንድ እያስተካከለ ይህን ሁሉ ተራራ እንደ ሹሩባ መሥራቱን ስታስብ ራሷን ትንሽ ሆና አገኘችው፤ ትንሽነቷም ደስ አላት። ጉልበቷን የሚያማት መሆኑን እንኳ ረሳች።

«እዚህ ወሬ የለህም?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«መጀመሪያ ዓመት ጣልያንኛ ስላልነበረኝ ነው ዝም ያልኩት። ቋንቋውን ሳውቅ ደግሞ የሚመጥን ቃል አጣሁ። እንግዶቹ ከሁሉ የሚወዱት ይሄን ነው። ሁለት ደቂቃ ነው፤ ይመዝግቡት።»

ኦርኔላ ሰዓቷን አላየችም ነበር።

የመጨረሻው ማረፊያ፣ ሬሚጆ ግቢ ሲደርሱ፣ ታርቺዚዮ ቪቤርቲ ከበለሱ ሥር ተቀምጦ ወይን የሚታሰርበትን የአኻያ ቀጭን ዝንጣፊ ይሰነጥቅ ነበር። መኪናዋን ሲያይ እጁ ቆመ። ዞራን «እንደምን ዋሉ፣ ባርባ?» አለው። ባርባ በኮረብታው ቋንቋ አጎት ማለት ነው፤ የሚከበር ሽማግሌ ሁሉ የሚጠራበት ነው። ታርቺዚዮ ለኢንስፔክተሯ ተነሳ፤ ሾፌሩን ግን ቀና ብሎ አላየውም።

«ሐሙስ ከሰዓት ምን ሲሠሩ ነበር?» አለችው።

«እዚሁ ነበርኩ። ደምጃን ሳጥብ።»

«ምድር ቤቱን ላየው?»

እየመራ አወረዳት። እንደ ሬሚጆ ቤት ሰፊ አይደለም፤ ንጽሕናው ግን የቤተ መቅደስ ነው። ታርቺዚዮ በየበርሜሉ አጠገብ ሲያልፍ፣ ሳያውቀው፣ መዳፉን በእንጨቱ ላይ ያሳርፋል። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ ወይን የሞላባቸው ሰባት ደምጃኖች ተሰልፈዋል። ከሰባተኛው ቀጥሎ በአቧራው ላይ አንድ ክብ ምልክት አለ፤ ክቡ ውስጥ አቧራ የለም።

«ብሪኮ መሸጡን ሰምተው ነበር?»

«አሁን ነው የሰማሁት» አለ ታርቺዚዮ። ሳትጠይቀው ጨመረ። «ያን ወይን የተከሉት አባቴና አባቱ ናቸው። በአንድ ክረምት፣ በአንድ ዶማ ነበር፤ ሁለት ዶማ አልነበራቸውማ። ሲካፈሉ የላይኛው ለእነሱ፣ የታችኛው ለእኛ ደረሰ። የላይኛው አሸዋ ነው። የእኛ ሸክላ ነው።»

«ቅር አላችሁ?»

«ለምን ይለናል? ከመስኮታችን የሚታየው ብሪኮ ነው።»

ኦርኔላ አመስግና ወጣች። ክቡ ምልክት ዓይኗ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ምን እንደሚላት ግን ገና አላወቀችም።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሬሚጆ ምድር ቤት ገቡ። ዴልፊና ወለሉን ለማጠብ ፈቃድ ስትጠብቅ ነበር። ዞራን ከላይ ደጃፉ ላይ ቆሞ ሐሙስ የት እንደነበረ አሳየ፤ ከዚያ ባርኔጣውን ይዞ እዚያው ቀረ።

ኦርኔላ ሬሳው የነበረበት ቦታ ላይ ቆማ ዙሪያውን አየች። ግድግዳውም በርሜሉም በጠመኔ ጽሑፍ የተሞላ ነው፤ የስንት ዓመት ቁጥር ተደራርቧል። ትናንት ፎቶ አንሺው ሁሉንም አንስቷል፤ ያነበበው ግን የለም። ትንሿ በርሜል ግንባር ላይ ከሌላው የነጣ አዲስ ጽሑፍ አለ፤ «ሐሙስ፣ ሲቀነስ 20» ይላል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የሬሚጆ እጅ ጽሑፍ ነው» አለች ዴልፊና። «ሊትሩ ነው። ከቀዳ በኋላ ሳይጽፍ መሰላል ላይ ወጥቶ ውታፉን አይመልስም ነበር።»

«ስለዚህ ሃያ ሊትር ቀድቷል። ሃያው ሊትር ደምጃኑ ሲሰበር እዚህ ወለል ላይ ፈሷል።»

«ባይኔ አየሁት አይደል እንዴ?»

«በርሜሉስ? ጎደሎ ነው ማለት ነው?»

ዴልፊና መልስ ልትሰጥ አፏን ከፈተች። ዞራን ከላይ ቀደማት። «ያንኳኩት እስቲ።»

ኦርኔላ በጣቷ አንኳኳች። ከታች ጀምራ ወደ ላይ፣ እስከ ጫፉ ድረስ። ለእሷ ጆሮ እንጨት እንጨት ነው።

«ሙሉ ነው» አለ ዞራን። «እስከ አፉ።»

«ሞኝ!» አለች ዴልፊና። «ሃያ ሊትር የተቀዳለት በርሜል በራሱ ይሞላል?» ግን መሰላሉን አነሳችና በሰባ አራት ዓመቷ ወጣችበት። ውታፉን ነቅላ ጣቷን ሰደደች። ስታወጣው ጣቷ እስከ ጥፍሩ ሥር ቀልቷል።

 ኦርኔላ ወደ ደጃፉ ቀና ብላ ዞራንን አየችው። ይህ ሾፌር እውነቱን ነበር። በርሜል ሲሞላ ሰምቷል፤ የሞላው ግን ሬሚጆ አይደለም።

«ማኛ ዴልፊና» አለች ቀስ ብላ፣ በልጅነቷ አክስቶቿን በምትጠራበት ቃል። «በርሜል ጎድሎ፣ አፉ ተከፍቶ ቢቀር ምን ይሆናል?»

«አየር ይገባዋላ! ይሞታል፣ ይኮመጥጣል። አይተሽ እንዴት ታልፊያለሽ? እዚህ አገር ሌባ እንኳ ሰርቆ ሲወጣ ይከድነዋል።»

«በምን ይሞላል?»

«ከዚያው ዓይነት ወይን። ከሌለ ከሚቀርበው፣ ከ…» ዴልፊና አልጨረሰችም። ከግድግዳው የመስታወቱን መቅጃ ቱቦ አውርዳ ከበርሜሉ አፍ ቀዳች፤ ብርጭቆ ውስጥ ጨመረችው። አላየችውም፤ ዓይኗ እንደሆነ ደክሟል። አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ትንሽ ተጎነጨችና አፏ ውስጥ አዞረችው።

«የእኛው ነው» አለች። «ጽጌረዳው አለ፤ ደርቆ መጽሐፍ ውስጥ የቆየው ጽጌረዳ። አሸዋው አለ።» ግንባሯ ተቋጠረ። «አይ። ባዕድ ገብቶበታል። ከሥሩ የረጠበ ሸክላ ይሸተኛል። ይህ የታችኛው ማሳ ነው። ይህማ ከበለሱ ማዶ…»

የተናገረችውን ራሷ ሰማችው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኦርኔላ ከሃምሳ ዓመት በላይ በዚህ ኮረብታ ኖራ፣ ሰው ወይን ቀምሶ ማሳ ይለያል ሲሏት ለእንግዳ የሚነገር ተረት ይመስላት ነበር። አሁን ግን አንዲት ዓይኗ የደከመ አሮጊት በምላሷ ብቻ በለስ ዛፍ ተሻግራ ሄዳ ነፍሰ ገዳይ አገኘች። ኦርኔላ ቆብ ቢኖራት ኖሮ ታወልቅ ነበር። አቧራው ላይ ያየችው ክብም ያኔ ምን እንደሆነ ገባት።

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» አለች ዴልፊና ዞራንን ቀና ብላ እያየች። «ማረን ልጄ።»

ኦርኔላ ብርጭቆውን ይዛ ግቢውን ተሻገረች። ያላት ማስረጃ ለሳልቫይ አይበቃም፤ ታውቀዋለች። የአቧራ ክብ፣ የውጭ አገር ሰው ጆሮ፣ የአሮጊት ምላስ። ታርቺዚዮ «አላውቅም» ካለ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሚታሰረው ዞራን ነው።

ከበለሱ ሥር አኻያውን እየሰነጠቀ አገኘችው።

«ባርባ ታርቺዚዮ፣ ይቅመሱልኝ።»

«ከየት ነው?»

«እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሽማግሌው ብርጭቆውን ተቀብሎ ወደ ብርሃን አነሳው፤ ልማድ ነው። አፍንጫውን ሰደደ። ፊቱ ላይ መጀመሪያ የመጣው ደስታ ነበር፤ የብሪኮን ወይን ያገኘ ሰው ደስታ። ከዚያ ደስታው ባለበት ቆመ።

ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል። ታርቺዚዮ ግን ጠብታ አልጠጣም፤ አሸተተው ብቻ። «ብሪኮ ነው» ቢል ማንም ሊያስተባብለው አይችልም ነበር። አንድ ቃል ነው የሚፈለግበት፤ ኦርኔላም የፈራችው ያንን ቃል ነው። ሽማግሌው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ግን ሰባ ዓመት ስለ ወይን ዋሽቶ የማያውቅ አፍ እንቢ አለው።

«ሁለት ናቸው» አለ።

«ማንና ማን?»

«ብሪኮ። እና የእኔ።» ብርጭቆውን ቀስ አድርጎ ድንጋዩ ላይ አኖረው። «ከትንሿ በርሜል ነው።»

ኦርኔላ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ሃያ ሊትር ቀድቶላቸዋል» አለ። «ብሪኮን ነቅለው ገንዳ ለሚቆፍሩበት ሰዎች፣ የብሪኮን ወይን! ‹አርጅተናል እኮ ታርቺዚዮ፤ ማን ይሠራዋል?› አለኝ፣ መሰላሉ ላይ ሆኖ፣ እየሳቀ። አንገትጌውን ያዝኩት። ልገድለው አልነበረም፤ ዝም እንዲል ነው። ወደቀ። ጠራሁት፤ አልመለሰም። ሞተ አልኩ። ከዚያ ቀና ስል የበርሜሉ አፍ ክፍት ነው።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሞላሁት» አለ፣ ሌላ ምን ይደረጋል በሚል ዓይን እያያት። «ከመደርደሪያዬ ስምንተኛውን ደምጃን ተሸክሜ ሄድኩ። ውታፉን አጥብቄ ዘግቼ መሰላሉን መልሼ አጋደምኩት፤ ስወጣ ዞራን መኪናዋን እያስነሳ ነበር።»

«ዞራንን ግን ለእኛ ሰጡን።»

«ያየሁትን ነው የተናገርኩት።»

«ግማሹን።»

«ግማሹን» አለ ታርቺዚዮ፤ አንገቱን ደፋ።

ለአስራ አንድ ሰዓት አስር ጉዳይ ላይ ሳልቫይ ስልኩን አነሳ። «ማስረጃሽ ምንድን ነው?» አላት።

«አሽትቶ አመነ።»

«አሽትቶ?»

«አዎ፣ አሽትቶ። ባዶውን ደምጃንም ከጓዳው አግኝተናል። የዞራንን ወረቀት ይቅደዱት።»

ዞራን ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገባው፤ የመኪናውን መስታወት በመሐረቡ መጥረግ ጀመረ። ኦርኔላ ስልኳን ዘረጋችለት። «መጀመሪያ ለልጅህ ደውል» አለችው። በአገሩ ቋንቋ ሦስት ቃል ተናገረ። ከዚያ በኋላ የሚሰማ ብቻ ነበር፤ መሐረቡን ከመስታወቱ ወደ ዓይኑ አዞረው።

የኦርኔላ መኪና ዞራን ቤት ደጃፍ ቀርታለች፤ ሌላ መኪና እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ነው። ታርቺዚዮ ኮቱን ለብሶ፣ ቤቱን ቆልፎ፣ ቁልፉን ለዴልፊና ዘረጋ። ዴልፊና ቁልፉን ለረጅም ጊዜ አየችው። «በርሜሎችህን ማን ይሞላል?» አለች፤ ፊቱን ሳታየው ተቀበለችው።

ዞራን የፊያቷን የኋላ በር ከፈተ። ሽማግሌው ገና አሁን ቀና ብሎ አየው።

«እኔን ትጭናለህ?»

«እንግዳ ከኋላ ነው፣ ባርባ» አለ ዞራን። ድምፁ ጠንካራ ነበር፤ በሩን ግን እስኪገባ ድረስ ያዘለት።

ቀስ ብለው ወጡ። ጉሙ ጠርቶ አልቋል፤ ሸለቆው እስከ ሥሩ ይታያል። ታርቺዚዮ አንገቱን እያዞረ፣ አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ ያያል። «በእግሬ ነው የማውቀው፤ ወይ በትራክተር» አለ። «ሁልጊዜ አቀርቅሬ። ከዚህ እንዲህ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

ሳን ሮኮ ኩርባ ሲደርሱ የዞራን እጅ በልማድ መኪናዋን ወደ ዳር አወጣና ሞተሩን አጠፋ። ያደረገውን ሲያውቅ ደነገጠ፤ ኦርኔላ ግን በትከሻው ላይ እጇን ጣል አደረገች። ብሪኮ ፊት ለፊታቸው ነበር፤ የምሽት ፀሐይ ከአናቱ እስከ እግሩ አልብሳዋለች፤ የላይኛውና የታችኛው ማሳ ድንበር አይለይም። ታርቺዚዮ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ኢንስፔክተር» አለ፣ ዓይኑን ከኮረብታው ሳያነሳ። «ወዲያው ነው የሞተው፣ አይደል?»

ኦርኔላ ኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት ነካችው። ለዚህ ሽማግሌ አንዲት ውሸት ብትሰጠው ማን ያውቅባታል? እሱ ግን ዛሬ ስለ ወይኑ አንድ ቃል ዋሽቶ ማምለጥ ይችል ነበር፤ አልዋሸም።

«አርባ ደቂቃ ቆይቷል» አለች።

ሽማግሌው በጣቶቹ ቆጠረ። ደምጃኑን ለማምጣት፤ መሰላሉን ለማቆም፤ ለመሙላት፤ ለመዝጋት። ቁጥሩ ሃያ ደቂቃ ላይ አለቀበት። ዞራንም መሪውን ይዞ ይቆጥር ነበር፤ እሱም ደጃፉ ላይ ቆሞ አዳምጦ የሄደ ሰው ነው።

«እንግዲያ ሰምቶኛል» አለ ታርቺዚዮ። «ስሞላ ሰምቶኛል። ድምፁን ያውቀዋል፤ ሲቀጥን ሰምቶ… አሁን ደግሞ ወደ እኔ ይመጣል ብሎ ጠብቆኛል።»

ከመንደሮቹ ደወሎቹ ተቀባበሉ። ሁለት ደቂቃው አለፈ። ዞራን ሞተሩን አላስነሳም፤ ኦርኔላም ሂድ አላለችውም።